የእትዬ ጽጌ ምርቃት

ማዳም መልሴን የምትፈልገው እስከ ሐሙስ ነበር። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለሁለት ዓመት ይታደስ ወይስ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመቶልኝ አገሬ ልግባ? ቅዳሜ ጠዋት ምስር ስለቅም ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። «አገርሽ ገብተሽስ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ ደግሞ። እኔም በዚያች በተሰባበረች አረብኛዬ «ማማ ዱካን ፊ» አልኳት። እናቴ ሱቅ አላት ማለቴ ነው፤ ‹ፊ› አለ፣ ‹ማፊ› የለም ነው። ማዳም ሳቀች፤ በክፋት አይደለም፣ «እንግዲያ አንቺም ማዳም ልትሆኚ ነው» ብላ ነው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እውነቱን ለመናገር መልሱ በልቤ ካለቀ ዓመት አልፎታል። ሳዑዲ፣ ደማም፣ አል መዝሩዒያ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ስሜ ዘይነብ ነው። ዘነበወርቅ ለአፋቸው ስለረዘመባቸው በመጣሁበት ቀን ግማሹን ቆርጠው ጣሉት፤ አልተከራከርኩም፣ ያኔ የምከራከርበት አረብኛ አልነበረኝም። የቤቱ ትልቋ ልጅ ራውዳ ስመጣ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ ቁመቷ በልጦኛል። የእኔ የግራ ጉልበት ደግሞ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ደክሞኛል። ሌላ የሚያምር ቃል ብፈልግለት አላገኘሁም፤ ደክሞኛል።

የምገባውም ወደ ባዶ ቤት አይደለም እያልኩ እጽናና ነበር። እናቴ እትዬ ጽጌ ዋንዛ በር ላይ ሱቅ አላት። ዋንዛ በርን የማያውቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ከቡሬ ወጣ ብላ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ሁለት ረድፍ ቤት ናት። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ ወፍጮ፣ አራት ሱቅ፣ በቃ። ከተማ ብለው የሚጠሯት ነዋሪዎቿ ብቻ ናቸው። ከአራቱ ሱቅ የመጀመሪያው የእማዬ ነው፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ደብተር፣ በጠርሙስ የሚለካ ነጭ ጋዝ። ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር የጎደለበት ሰው ልጁን ወደ እትዬ ጽጌ ነበር የሚልከው።

ሱቁ የሚታወቀው ግን በዕቃው ሳይሆን በምርቃቱ ነው። ሌላው ባለሱቅ «መርቅልኝ እንጂ» ተብሎ ተለምኖ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ ቆንጠር አድርጎ ጣል ያደርጋል። እማዬ ሳትለመን ነው። ሚዛኑ ልክ ሲመጣ እጇን ገታ ታደርግና ገዢውን ቀና ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ እጇን ስኳሩ ውስጥ ከታ አንድ ጭብጥ ትጨምርለታለች። «የተለካው የንግድ ነው፤ ይቺ ግን ከእኔ ናት» ትላለች። አባቴ በሕይወት ሳለ በዚህች ጭብጥ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል መሰላችሁ። አንድም ቀን አልተወችም።

እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ ሱቅ ውስጥ አንድ ሥራ ነበረችኝ፤ የላይኛውን መደርደሪያ በባዶ ካርቶን መሙላት። የሳሙናው ካርቶን ሲያልቅ አይጣልም። ክዳኑን መልሼ፣ በሙጫ አሽጌ፣ ሥዕሉ ወደ ሰው እንዲዞር አድርጌ ከላይ እደረድረዋለሁ። የሚሸጠው ከታች ነው፣ ከላይ ያለው ለዓይን ነው። የአገራችን ባለሱቅ ሁሉ ያደርገዋል፤ ሱቁ ሙሉ ሲመስል ሰው ደፍሮ ይገባል። አሁንም ሐሳቤ ወደዚያው መመለስ ነበር። እማዬ ባንኮኒው ጥግ ቁጭ ብላ ታዛለች፣ እኔ እለካለሁ፤ ምርቃቱን እሷ ትጨምራለች።

እዚህ ሰፈርም አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ባቃላ ይሏታል፤ ከቤታችን ማዶ ጥጉ ላይ ናት። የሚሠራባት ጂብሪል የከሚሴ ሰው ነው። አስር ዓመት ሙሉ ማዳም «እርጎ አልቋል» ባለች ቁጥር አባያዬን ጣል አድርጌ ወደ እሱ ስሮጥ ኖሬያለሁ። ዕቃውን እስኪያወጣልኝ አምስት ደቂቃ በአማርኛ እናወራለን፤ የቀኑ እረፍቴ እሷ ነበረች። ታዲያ ባለፈው ዓመት ራውዳ ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫነችልኝ። ሥዕል መንካት ብቻ ነው። እርጎውን ነካ፣ እንቁላሉን ነካ፣ ኸላስ፤ አባያዬን ሳልለብስ ሞተር ሳይክሉ በር ላይ ይደርሳል። ጉልበቴ ራውዳን አመሰገናት። ጂብሪል ጋ መሄዴ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ኋላ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ሆነ። ሲያገኘኝ «ከዳሽኝ አይደል ዘነቡ?» ይለኛል እየሳቀ፤ «ጉልበቴን ጠይቀው» እለዋለሁ። አላሰብኩበትም። ሌላም ያላሰብኩበት ነገር እንዳለ የገባኝ ሰኞ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ማዳም ጋደም ስትል አገር ቤት ደወልኩ። እማዬ ስልክ ስለሌላት የምንተያየው በወንድሜ በይበልጣል ስልክ ነው። እንደ ሁልጊዜው ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች፤ ሻሿን አጥብቃ አስራለች፤ ከኋላዋ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ሙሉ ነው።

«ገበያው እንዴት ነው እማ?»

«ተመስገን፣ አለ።»

«ዛሬ ሰው አይታየኝም።»

«አሁን ገና ወጡ እኮ። ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትደውዪ ኖሮ መግቢያ አልነበረም።»

ነጠላዋን ልታስተካክል ስትዞር ክርኗ መደርደሪያውን ነካውና አንድ ካርቶን ወደቀ። የወደቀው ከታችኛው መደርደሪያ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ ከሚቀመጥበት። የልብስ ሳሙና ካርቶን ነው፣ አውቀዋለሁ። ሙሉው ሲሆን ወንድ በትከሻው ነው የሚሸከመው፣ ሲወድቅም ወለሉን አንቀጥቅጦ አቧራ ያስነሳል። ይሄኛው ግን ድምፅ አልነበረውም። አንዴ ነጠር አለና ቆመ። እማዬ ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ፣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አነሳችውና ቦታው መለሰችው። «ምን እያልኩሽ ነበር?» አለችኝ። «ስለ ጉልበቴ እየጠየቅሽኝ ነበር» አልኳት፤ ስለ ጉልበቴ አንድም ቃል አላነሳንም ነበር። እሷም «እውነትሽን ነው፣ ጉልበትሽስ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢውን እያጠብኩ ይበልጣልን በስልክ ለብቻው አገኘሁት። ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ መንገድ ላይ ነበር።

«ይበልጣል፣ ሱቁ መቼ ነው የተዘጋው?»

የሞተሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ አጠፋው።

«ማን ነገረሽ?»

«ካርቶኑ ነገረኝ። መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ የረባ ዕቃ አልገባበትም። መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ዕቃ አጣን፤ ሲከፈት ደግሞ ሰው አጣን። ብቻችንን መሰልንሽ? የእነ ከፈለኝም ተዘግቷል። አራቱም።»

«ሰዉ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል፣ ቡሬ ነዋ። እዚያ ትልልቅ መደብር አለ፤ ሰዉ አማርጦ ነው የሚገዛው። አሁን ለአንዲት ሳሙና ሁሉ ቡሬ ነው የሚሄደው።»

«በምን ነው የሚሄደው? ድሮ እኮ ቡሬ ደርሶ መልስ ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር።»

ሞተሩን አስነስቶ መልሶ አጠፋው።

«በባጃጅ» አለኝ።

«በማን ባጃጅ?»

«በእኔ። ማለቴ… ባንቺ።»

ባጃጁን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እሱም በረሃውን አቋርጬ፣ ባሕሩን ተሻግሬ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ሲነሳ «እዚያው ተቀመጥልኝ» ብዬ የገዛሁለት ነው። በዕድሜዬ ከሠራሁት ነገር ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት የለም። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከፊት መስታወቱ በላይ በቀይ ቀለም «ዘነቡ» ብሎ አጽፎበታል። ዋንዛ በር የገባ የመጀመሪያው ባጃጅ ነበር፣ ዛሬ ስድስት ሆነዋል። እንግዲህ የእማዬ ደንበኞች በየጠዋቱ ስሜ በተጻፈበት ባጃጅ ተሳፍረው በሱቋ በር ያልፋሉ፤ ከሰዓት ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በዚያው ይመለሳሉ።

«እሷስ ምን ትላለች?» አልኩት።

«ምን ትላለች፣ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ‹በሰላም ግቡ› ትላቸዋለች። ስኳር እንኳ የማመጣላት እኔ ነኝ ከቡሬ።»

«የምትሸጠውን?»

«የምትጠጣውን።»

ስልኩን ዘግቼ የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ጫማዬን አልፎ በበሩ ሥር ወደ መንገዱ ወጣ። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው፤ እሱ ብዙም አላቆየኝም፣ ንዴቱን ወደ እማዬ አዞርኩት። እንዴት ትዋሸኛለች? ከፋሲካ ጀምሮ «ገበያ አለ፣ ተመስገን» እያለች! እኔ እዚህ አሮጌ ጉልበቴን ይዤ ቀን ስቆጥር፣ እሷ ባዶ ካርቶን ደርድራ ትጠብቀኛለች? ኹሩጅ አስመትቼ፣ ሻንጣዬን ጎትቼ ስገባ ምን ልትለኝ ነው? የአርባ ዓመት ሴት በወንድሟ ባጃጅ ልትጦር ነው? እዚያው ግቢው መሀል ወሰንኩ። ኢቃማው ይታደስ። ሐሙስንም አልጠብቅም ብዬ ለማዳም ልነግራት ገባሁ፤ ራውዳ ግን «ማማ ኾባር ናት፣ እህቷ ጋ» አለችኝ። ኩርፊያዬን ይዤ ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

ረቡዕ ቤት ውስጥ ምንም ሳይጎድል ወደ ጂብሪል ሄድኩ። አማርኛ አማረኝ። ስደርስ መሰላል ላይ ወጥቶ መደርደሪያውን እያራገፈ ነው። ግማሹ ሱቅ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ዕቃው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ታትሟል።

«ምንድነው ነገሩ?» አልኩት።

«ኸላስ። ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ ያስረክባል። የስልክ ሽፋን ሊሸጥበት ነው አሉ።» ከመሰላሉ ወረደ። «አንቺማ ደንበኛ ትሆኚያለሽ፤ ስልክሽ ነው የሚሮጥልሽ።»

ቀልዱን ነው፤ እኔን ግን አሳፈረኝ። እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሁለት ሱቅ ነበረኝ፣ አንዱ አገሬ፣ አንዱ እዚህ፤ ሁለቱንም ያዘጋሁት እኔው ነኝ፤ ያውም አንዱን በስጦታ፣ አንዱን በጣቴ። ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም፣ የካርቶኑን ነገር ከነባጃጁ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ካርቶን ገልብጦ ተቀመጠበትና ለእኔም አንድ ገፋልኝ።

«ወላሂ ዘነቡ፣ እኔም ለልጆቼ ሱቁ እንደሚዘጋ አልነገርኩም» አለኝ።

«በምስል አይደል እንዴ የምታወራቸው?»

«ያቺ ማቀዝቀዣ ፊት ቆሜ ነዋ። የቀረችኝ ሙሉ ነገር እሷ ናት፤ በውሃ ሞልቻታለሁ።» በአገጩ አሳየኝ፤ እውነትም በፕላስቲክ ውሃ ጢም ብላለች። «ሥራ የለኝም ብላቸው ‹ታዲያ አባ ለምን አትመጣም?› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ፈልጌ እዚሁ ለመቆየት ነው ሐሳቤ።»

«ሁላችሁም ውሸታም ናችሁ» አልኩት።

«ነን፤ አላህ ይቅር ይበለን። ግን እይው፣ እኔ የዋሸሁት እንዳልሄድ ነው። እናትሽ የዋሸችው ግን እንድትመጪ ነው። የሷ ይሻላል።»

እሱ ይህን ብሎ ወደ መሰላሉ ተመለሰ። እኔ ካርቶኑ ላይ ቀረሁ። እንድመጣ! ከትናንት ጀምሮ አንዴም እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። የዋሸችኝ ለማታለል፣ ወይ አፍራ፣ ወይ አርጅታ ነው ብዬ ነበር።

ቤት ተመልሼ የታጠበውን አንሶላ ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ሁለት አንሶላ አሰጣሁና በመሀላቸው ጥላ ውስጥ ቆሜ ደወልኩ። በምስል አይደለም፤ ፊቷን እያየሁ የምጠይቃት አልመሰለኝም። ይበልጣል አነሳና ለእማዬ ሰጣት።

«እማ፣ ካርቶኑን አየሁት።»

«አየሽው?» አለችና ትንሽ አሰበች። «በአንድ እጄ በማንሳቴ ነው አይደል? በሁለት እጄ ማንሳት ነበረብኝ።»

በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ሱቁ የለም ብልሽ ትመጪ ነበር?»

የማዳም አንሶላ ፊቴን ይመታኛል።

«አትመጪም» አለች፤ ቁጣም የለባት። «‹መጥቼ ሱቁን እይዛለሁ› ስትይ ነው የምሰማሽ። ‹መጥቼ እናቴን አያለሁ› ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም። ስለዚህ ሱቁን ላቆየው አልኩ። ደህናው ዕቃ ባለቀ ቁጥር ባዶውን ከላይ እያወረድኩ ደረደርኩት። አንዳንዱ አንቺ ያሸግሽው ነው እኮ። ሙጫሽ እስካሁን ይዟል።»

«የገደልኩት እኔ ነኝ እማ። ባጃጁ ነው።»

«እሱን ተይው። ባጃጁ ልጄን ከበረሃ አስቀርቶልኛል። ሱቅ ቢዘጋ ይዘጋ፣ እኔም ዓይኔ ሚዛኑን ማየት ትቷል።» ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ እንደከበዳት አወቅሁ። «ዘነቡ፣ አስራ አንዱን ዓመት መልሺልኝ አልልሽም። እሱ ተለክቶ ሄዷል። ከላዩ ግን ልጄ… ትንሽ መርቂልኝ።»

እናቴን በዕድሜዬ ሙሉ የማውቃት ስትመርቅ ነው። መርቂልኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ ከእኔም ቢሆን፣ ከአባቴም ቢሆን፣ ከማንም። አንሶላዎቹ መሀል መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስልኩን አልዘጋሁትም፣ እሷም አልዘጋችውም። ብዙ ቆይታ «በቃ፣ በቃ፣ ሰው ይሰማሻል» አለችኝ፤ ቀጥላም «እንግዲህ ካወቅሽው እነዚህን ካርቶኖች ላውርዳቸው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተያቸው» አልኳት። «እኔ አወርዳቸዋለሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት ማዳም መኪናዋን ራሷ እየነዳች ወደ ኾባር ወሰደችን፤ የእህቷ ልጅ ታጭታ እንኳን ደስ ያለሽ ልንላት ነው። ራውዳ ከፊት ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። እኔ ከኋላ ነኝ፣ ኬኩን ጭኔ ላይ ይዤ። ከሰፈራችን ስንወጣ በጂብሪል ሱቅ በኩል አለፍን። የበሩ ላይ ጽሑፍ ወርዷል፤ እሱ ግን ውስጥ ነበረ፣ ከዚያች ማቀዝቀዣ ፊት ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይስቃል። ከልጆቹ ጋር ነበር መሰለኝ። እጄን አነሳሁለት፣ አላየኝም።

ትልቁ መንገድ ላይ መብራት ሲይዘን ማዳም በመስታወቱ አየችኝ።

«ሃ፣ ዘይነብ? ኢቃማ ወላ ኹሩጅ?»

«ኹሩጅ» አልኳት።

«ኸላስ?»

«ኸላስ፣ ማዳም።»

ራውዳ ከስልኳ ቀና አለች። የማዳም ዓይን መስታወቱ ውስጥ ሲቀላ አየሁ፣ አስራ አንድ ዓመት ለእሷም አስራ አንድ ዓመት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላችን ያለው ጥሩምባውን ነፋ፣ ነዳች። ጥቂት እንደሄድን ልታስቀኝ ፈልጋ «ማሊሽ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «ዱካንሽ ይጠብቅሻል።»

«ላ፣ ማዳም» አልኳት። «ዱካን ማፊ። ማማ ፊ።»